ካይራል ያልሆነ ሞለኪውል በመዳብ ገጽ ላይ ግራና ቀኝ የሚኖረው እንዴት ነው?

የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አንድ ሞለኪውል ካይራል የሚባለው፣ ማለትም እንዴትም ብናዞረው ከመስታወት ምስሉ ጋር የማይገጥመው፣ አራት የተለያዩ ቡድኖችን የያዘ የካርቦን አቶም ሲኖረው እንደሆነ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። በቅርቡ ግን ሱክሲኒክ አሲድ የተባለው፣ እንዲህ ያለ ካርቦን ፈጽሞ የሌለው ሞለኪውል፣ በመዳብ ገጽ ላይ ሲያርፍ ካይራል እንደሚሆን አነበብኩ። መዳቡ ካይራል አይደለም፤ አሲዱም አይደለም። ታዲያ ካይራልነቱ ከየት መጣ? ተፈጥሮ ለግራም ሆነ ለቀኝ አታዳላም የሚለው መርህስ እዚህ ላይ አይፈርስም ወይ? (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ከጥያቄዎ ሁለት ክፍሎች ሁለተኛው ይበልጥ የሚከብድ ነው፤ ወደ እርሱ የምንደርሰው ግን በመጀመሪያው በኩል ስለሆነ ከዚያ እንነሣ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለተማሪዎችዎ የሚነግሯቸው ደንብ ካይራልነትን ለመለየት የሚረዳ ጥሩ ምልክት ነው፤ ትርጓሜው ግን አይደለም። ሄሊሲን የሚባሉት፣ ስድስት ስድስት ካርቦን ያላቸው ቀለበቶች ጎን ለጎን ተያይዘው እየተጠማዘዙ የሚሠሯቸው ሞለኪውሎች፣ አራት የተለያዩ ቡድኖችን የያዘ አንድም ካርቦን ሳይኖራቸው ካይራል ናቸው። በአንጻሩ ሜሶ የሚባለው የታርታሪክ አሲድ ዓይነት እንዲህ ያሉ ሁለት ካርቦኖች እያሉት ካይራል አይደለም፤ አንደኛው የሞለኪውሉ ግማሽ የሌላኛው የመስታወት ምስል ስለሆነ ነው። ትርጓሜው የሚመለከተው ሲሜትሪን ነው። አንድ አካል በውስጡ የሚያልፍ የመስታወት ጠለል ካለው፣ ማለትም አንዱን ወገን በሌላው ላይ የሚያንጸባርቅ ጠለል ካለው፣ ወይም እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ተቃራኒው ወገን የሚያሻግር ማዕከል ካለው፣ ካይራል ሊሆን አይችልም። እነዚህንና የእነዚህን ዓይነት ሲሜትሪዎች በሙሉ ካጣ ግን ካይራል ነው።

ሱክሲኒክ አሲድ በነጻነት ሲንቀሳቀስ ካይራል የማይባለው ከእነዚህ ሲሜትሪዎች የተነሣ ነው፤ ቅርጹን ከአፍታ ወደ አፍታ ቢለዋውጥም ግራውም ቀኙም እኩል ይደርሱታል። አሁን በመዳብ ገጽ ላይ እናሳርፈው። ከበላዩ ባዶ ቦታ፣ ከሥሩ የመዳብ አቶሞች አሉ። ላይና ታች እኩል መሆናቸው ስለቀረ፣ ከገጹ ጋር ትይዩ የሆነው የመስታወት ጠለል በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ የማዕከሉም ሲሜትሪ አብሮ ይጠፋል። ሊተርፉ የሚችሉት በገጹ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ጠለሎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በሆነ ምክንያት ከጠፉ፣ ሞለኪውሉና ከሥሩ ያለው ብረት በአንድነት ሲታዩ ካይራል ናቸው። እንግዲህ ገጹ ለሞለኪውሉ አዲስ ነገር አልጨመረለትም፤ ከካይራልነት ይጠብቀው የነበረውን ሲሜትሪ ወሰደበት እንጂ።

ከወረቀት የተቆረጠ የ«ገ» ፊደል በእጅዎ ይዘዋል እንበል። በእጅዎ ላይ እስካለ ድረስ ገልብጠው የመስታወት ምስሉን ማግኘት ይችላሉ። አንድ ፊቱ በሙጫ ተቀብቶ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ግን በአንዱ ፊት የተለጠፈውና በሌላው ፊት የተለጠፈው ሁለት የተለያዩ ቅርጾች ሆነው ይቀራሉ፤ በግድግዳው ላይ የቱንም ያህል ቢያሽከረክሩት አንዱ ሌላውን አይሆንም። «በ» ግን ግራና ቀኙ ስለሚመሳሰል በየትኛውም ፊቱ ቢለጠፍ ያው «በ» ነው። ጠፍጣፋ ሞለኪውሎችም እንዲሁ በሁለት ይከፈላሉ፤ ሲለጠፉ ግራና ቀኝ የሚወጣላቸው አሉ፤ ቢለጠፉም የማይለወጡ አሉ። ናይትሮናፍታሊን የተባለው ሞለኪውል የመጀመሪያው ወገን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በስዊዘርላንድ በሎዛን ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህ ሞለኪውል በወርቅ ገጽ ላይ ተኝቶ አሥር አሥር እየሆነ እንደሚሰባሰብ፣ ስብስቦቹም ግራና ቀኝ ሆነው እንደሚገኙ አዩ፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ጫፍ እየገፉ ግራዎቹን ከቀኞቹ ለዩ። ሉዊ ፓስተር በ1848 የታርታሪክ አሲድ ጨው ክሪስታሎችን በዓይኑ እያየ ቀኙን ከግራው በእጁ ከለየ ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ያው ሥራ ጥቂት ሞለኪውሎች ብቻ ባሉት ስብስብ ላይ ተደገመ ማለት ነው። በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ሙከራ ነው።

መለጠፍ ብቻውን በቂ የማይሆንላቸው፣ እንደ «በ» ሚዛናዊ የሆኑ ሞለኪውሎችም ሌላ መንገድ አላቸው። ብረቱ ለስላሳ ሰሌዳ አይደለም፤ የአቶሞች ረድፎች አሉት፤ ረድፎቹም የራሳቸው የመስታወት ጠለሎች አሏቸው። የሞለኪውሉ ጠለሎች ከብረቱ ጠለሎች ጋር ከተገጣጠሙ ሲሜትሪው ይተርፋል። ሞለኪውሉ በጥቂት ዲግሪ ዞር ብሎ ካረፈ ግን የሁለቱ የጋራ ጠለል አይኖርም። ፍታሎሳያኒን የተባሉት ባለ አራት ክንድ የሰማያዊ ቀለም ሞለኪውሎች በብር ገጽ ላይ የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ከረድፉ አቅጣጫ ገሚሶቹ ወደ ቀኝ፣ ገሚሶቹ ወደ ግራ ዞረው ያርፋሉ፤ የሁለቱም ወገን ጉልበት ፍጹም እኩል ነው።

ስለ ሱክሲኒክ አሲድ ደግሞ ከዚህ ጠለቅ ብለን እንመልከት፤ የጠየቁት ስለ እርሱ ነውና። አሲዱ በሁለቱም ጫፎቹ ሃይድሮጅኑን ለመዳቡ ጥሎ በኦክስጅኖቹ አማካይነት ከመዳብ አቶሞች ጋር ይያያዛል። ብዙ ሙከራ በተደረገበት፣ ክሪስታሉ በተቆረጠበት አቅጣጫ በሙያው 110 በሚል ቁጥር በሚታወቀው የመዳብ ገጽ ላይ፣ አቶሞች በረድፉ ውስጥ በ0.256 ናኖሜትር፣ ረድፍ ከረድፍ ደግሞ በ0.361 ናኖሜትር ይራራቃሉ። ኦክስጅኖቹ በመዳብ አቶሞቹ ላይ በትክክል ማረፍ ይፈልጋሉ፤ በመካከላቸው ያለው የካርቦን ሰንሰለት ግን የራሱ ርዝመትና የራሱ ማዕዘን አለው፤ የመዳቡ ልኬት ለእርሱ ተብሎ አልተሠራም። ስለዚህ ሰንሰለቱ ይጣመማል፣ ሞለኪውሉ ከረድፉ ዘንበል ይላል፣ ጎረቤቶቹም ከእርሱ ጋር ተስማምተው ለመቀመጥ በሰያፍ ይሰለፋሉ። ይህ መጣመምና መሰለፍ የቆሙትን የመስታወት ጠለሎች ያጠፋቸዋል።

መጽሐፉ ላይ ካለው ደንብ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ምሳሌ ለተማሪዎችዎ ቢያስፈልግዎ፣ ከሁሉ የሚመቸው ቡታይል ሜታይል ሰልፋይድ ነው። በዚህ ሞለኪውል መካከል ያለው የሰልፈር አቶም ሁለት የተለያዩ የካርቦን ክንዶችና ሁለት ያልተጋሩ የኤሌክትሮን ጥንዶች አሉት። ሁለቱ ጥንዶች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሞለኪውሉ በአየር ላይ ካይራል አይደለም። በመዳብ ገጽ ላይ ሲያርፍ ግን አንዱ ጥንድ ከመዳቡ ጋር ይያያዛል፤ ሌላው ነጻ ሆኖ ይቀራል። በዚህች ቅጽበት ሰልፈሩ በአራት የተለያዩ ነገሮች ተከቧል። በ2011 በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞለኪውል ከፍጹም ዜሮ 5 ኬልቪን ያህል ብቻ ከፍ በሚል ቅዝቃዜ በኤሌክትሮኖች እየቆሰቆሱ በሰልፈሩ ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረጉ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ አዘውትሮ መዞሩም አለመዞሩም በሞለኪውሉ ግራነት ወይም ቀኝነት ላይ የተመሠረተ ሆኖ አገኙት።

አንድ ሞለኪውል የያዘውን አቅጣጫ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2002 ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ግራና ቀኙን ደባልቀው በወርቅ ገጽ ላይ ሲያሳርፉ፣ ሞለኪውሎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣመሩ፤ ግራ ከግራ፣ ቀኝ ከቀኝ ጋር ብቻ። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሆንም። ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ቀላሉ ግላይሲን በዚያው 110 የመዳብ ገጽ ላይ ሲያርፍ ግራና ቀኝ ሆነው የተቀመጡ ሞለኪውሎች በአንድ ሥርዓት ውስጥ ተፈራርቀው ሊሰለፉ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል ካይራል ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ በጠቅላላው ካይራል አይደለም። ይሁን እንጂ ጠፍጣፋ ገጽ ከሦስት ልኬት ዓለም ይልቅ ግራውን ከቀኙ ለመለየት የሚያመች ይመስላል፤ በገጽ ላይ ሞለኪውሎች ተገልብጠው ሊደራረቡ አይችሉምና ግራና ቀኝ ተቀላቅለው የሚገጣጠሙባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንምጣ። መርሁ አይፈርስም። በደካማው የኑክሌር ኃይል ውስጥ ያለው ማዳላት፣ በ1957 በሙከራ የተረጋገጠው፣ በሞለኪውሎች ላይ ያለው ተጽዕኖ ከምንለካው ሁሉ እጅግ ያነሰ ስለሆነ እዚህ ልንተወው እንችላለን። መዳቡም አሲዱም ለአንዱ ወገን የሚያዳሉበት ምንም ምክንያት ስለሌላቸው፣ የግራው ሰልፍና የቀኙ ሰልፍ ጉልበት አንድ ነው፤ ስለዚህ ገጹ በሙሉ ሲቆጠር ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ነው። ካይራል የሆነው እያንዳንዱ ክልል፣ ማለትም ሞለኪውሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የተሰለፉበት የገጹ ቁራሽ ነው፤ ጠቅላላው ገጽ ግን ሁለቱን በእኩል የያዘ ቅይጥ ነው። አንድ ክልል ሲወለድ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሞለኪውሎች በአጋጣሚ ወደ አንዱ ወገን ያዘነብላሉ፤ በኋላ የሚመጡት ይከተሏቸዋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ የተወለደው ሌላው ክልል ደግሞ ተቃራኒውን ይይዛል። በብዙ ጽሑፎች ይህ ልዩነት ሳይነገር ይታለፋል፤ አንባቢም ከምንም ካይራልነት የተገኘ ይመስለዋል። እኔ ይህን መዝለል እንደ ትልቅ ጉድለት እቆጥረዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ገጹን በሙሉ የአንድ ወገን የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው፣ ትርጉም የሚኖረው እኩልነቱ ከታወቀ ብቻ ነውና።

እኩልነቱን ለመስበር አንዱ ዘዴ ራሱ ካይራል በሆነ ሞለኪውል መጀመር ነው። በ2000 በእንግሊዝ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታርታሪክ አሲድን በ110 የመዳብ ገጽ ላይ አሳርፈው፣ ሞለኪውሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሰያፍ እንደሚሰለፉ፣ በመካከላቸውም ባዶ መዳብ የሚታይባቸው ቦዮች እንደሚቀሩ አሳዩ። የቀኙ ታርታሪክ አሲድ ሰልፍ በገጹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነብላል፤ የግራው ደግሞ በትክክል የዚያ የመስታወት ምስል ነው። ተቃራኒ ክልል አንድም አልተገኘም።

ሌላው ዘዴ ከዚህ የሚልቅ ነው ብል አላጋነንኩም። በ2004 በስዊዘርላንድ ኤምፓ የተባለው የቁሳቁስ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ካይራል ባልሆነው ሱክሲኒክ አሲድ ውስጥ ከመቶ ሁለት ያህል ታርታሪክ አሲድ ጨመሩ። ገጹ በሙሉ ወደ አንዱ ወገን ዞረ፤ ተቃራኒዎቹ ክልሎች ጠፉ። ጥቂቶቹ ካይራል ሞለኪውሎች ብዙኃኑን አንድ በአንድ አላሳመኗቸውም፤ የማይስማማቸውን ክልል እንዳይወለድና እንዳያድግ ስለሚያውኩት የሚስማማቸው ብቻውን ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ተቋም ግራና ቀኙ የተደባለቀ ሄሊሲን በመዳብ ላይ ሲያሳርፉ፣ የአንዱ ወገን ጥቂት ብልጫ ገጹን በሙሉ የአንድ ወገን ሰልፍ ለማድረግ እንደሚበቃ ተመለከቱ።

መዳቡ ራሱ ካይራል ሊሆን እንደሚችልም ሳልጠቅስ አላልፍም። የመዳብ ክሪስታል በውስጡ ሲሜትሪ የሞላበት ቢሆንም፣ ሦስቱ የአቅጣጫ ቁጥሮቹ ዜሮ ባልሆኑና እርስ በርስ በሚለያዩበት ሰያፍ፣ ለምሳሌ 643 በሚባለው፣ ከተቆረጠ በቆረጣው ላይ የሚታዩት የአቶም ማዕዘኖች ግራ ወይም ቀኝ ይሆናሉ። በ1996 በብር ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ በግራና በቀኝ አልኮሎች መካከል የሚለካ ልዩነት አላገኘም ነበር፤ በኋላ በመዳብና በፕላቲነም ላይ ልዩነቱ ተገኘ፤ በፕላቲነም ላይ የታየውም የግራና የቀኝ ግሉኮስ በተለያየ ፍጥነት በኤሌክትሪክ ኦክሳይድ መሆን ነው።

ጥያቄ፦ ሞለኪውል በዓይን አይታይም። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ መዞሩ እንዴት ይታወቃል? ምስሎቹስ ሊያሳስቱ አይችሉም ወይ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ሊያሳስቱ ይችላሉ፤ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ዋናው መሣሪያ በ1981 በዙሪክ አቅራቢያ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር የሠሩት፣ በ1986ም የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ ነው። እጅግ የሾለ የብረት ጫፍ ገጹን ሳይነካ ከአንድ ናኖሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ይመላለሳል፤ በመካከላቸውም ጥቂት ኤሌክትሪክ ያልፋል። ርቀቱ በ0.1 ናኖሜትር ሲጨምር ኤሌክትሪኩ አሥር ጊዜ ያህል ስለሚቀንስ፣ የሞለኪውል ከፍታና ዝቅታ በጥራት ይለያል። ሥራው የሚካሄደው ከከባቢ አየር ግፊት አሥር ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ባነሰ ግፊት ውስጥ ነው፤ አለበለዚያ ገጹ በአፍታ ውስጥ በአየር ሞለኪውሎች ይሸፈናል።

ስሕተቱ የሚመጣው ከጫፉ ነው። ጫፉ ራሱ ያልተስተካከለ ከሆነ ሚዛናዊውን ሞለኪውል ዘንበል ያለ አስመስሎ ያሳያል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ አንዱን ክልል ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ በዚያው ጫፍ፣ በዚያው ሰዓት ተቃራኒው ክልል የመስታወት ምስል ሆኖ እንዲታይ ይጠብቃል። ሁለቱም ክልሎች ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ከመሰሉ ጥፋቱ የጫፉ ነው። ማመሳከሪያም አለ። ቀርፋፋ ኤሌክትሮኖች በገጹ ላይ ሲወረወሩ ከሰልፉ ነጥረው በሚያበራ ሰሌዳ ላይ የነጥቦች ንድፍ ይሠራሉ። ጨረሩ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስፋት ስላለው ብዙ ክልሎችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ገጹ ቅይጥ ከሆነ ሁለቱ ንድፎች ተደራርበው ይወጣሉ፣ ካልሆነ አንዱ ብቻ ይወጣል። የሊቨርፑሉ ግኝት የታመነው ሁለቱም መሣሪያዎች አንድ ነገር ስለተናገሩ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ምርምር ለመድኃኒት ሥራ የሚሰጠው ጥቅም አለ? (ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ካይራልነት በመድኃኒት ላይ ምን ያህል እንደሚወስን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ውስጥ የሚሰጠው ኢታምቡቶል አንዱ ወገን ባክቴሪያውን ሲያጠቃ የመስታወት ምስሉ እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ የሚፈለገውን ወገን ብቻ መሥራት ያስፈልጋል። ዛሬ ይህን በአብዛኛው የሚሠሩት በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሙ ካታሊስቶች፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥኑ ነገሮች፣ እና ኢንዛይሞች ናቸው። ጠጣር ብረት ቢተካቸው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ብረቱን በማጣራት ብቻ ከመድኃኒቱ መለየትና ደግሞ መጠቀም ይቻላል።

መንገዱ ከተጀመረ ቆይቷል። በጃፓን በኦሳካ የነበሩ ኬሚስቶች ኒኬልን በታርታሪክ አሲድ እያጠቡ፣ ሃይድሮጅን ሲጨመርበት የአንዱን ወገን ምርት አብዝቶ የሚሰጥ ካታሊስት ሠሩ። በ1979 ደግሞ ጃፓናዊው ኬሚስት ኦሪቶና ባልደረቦቹ ፕላቲነምን ኲኒን ከሚገኝበት ከሲንኮና ዛፍ በሚወጡ አልካሎይዶች ለውጠው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ፤ በኋላ በተሻሻሉ ሁኔታዎች ከምርቱ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው የአንድ ወገን ሆኗል። ሁለቱም ካታሊስቶች የሚሠሩት ግን በጥቂት ዓይነት ኬሚካሎች ላይ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሚሠሩ በትክክል ሳይታወቅ ለሌላ መድኃኒት ማስፋት አስቸጋሪ ነው።

ለዚህ ነው ከላይ የተነገሩት የመዳብና የወርቅ ሙከራዎች የሚያስፈልጉት። ስለ ታርታሪክ አሲድ ሦስት ማብራሪያዎች ይፎካከራሉ። አንደኛው፣ በሰልፎቹ መካከል የሚቀሩት ባዶ ቦዮች ራሳቸው ካይራል ስለሆኑ ወደዚያ የሚገባውን ኬሚካል በአንድ ፊቱ እንዲተኛ ያስገድዱታል ይላል። ሌላው፣ አሲዱ ኒኬሉን በስሱ በልቶ ካይራል የአቶም ማዕዘኖችን ይቀርጻል ይላል። ሦስተኛው፣ አንድ ካይራል ሞለኪውል አንድን ኬሚካል በሃይድሮጅን ትስስር ይዞ የትኛው ፊቱ ወደ ብረቱ እንደሚዞር ይወስናል ይላል። የቦዮቹ ሐሳብ ያማረ ቢሆንም በእርጥብ የኒኬል ዱቄት ላይ እንደ ቤተ ሙከራው ያለ ሥርዓታማ ሰልፍ ለረጅም ጊዜ ይቆያል ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ። በፕላቲነም በኩል ሦስተኛውን የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በ2011 በካናዳ በኩቤክ የላቫል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የዴንማርክ አጋሮቻቸው በፕላቲነም ገጽ ላይ አንድ ካይራል አሚን (ናይትሮጅን ያለበት ሞለኪውል) ሃይድሮጅን ሊጨመርበት የሚፈለገውን አንድ የኬቶኤስተር ሞለኪውል አጠገቡ ይዞ ሳለ በማይክሮስኮፕ አዩት፤ ጥንዶቹ በምን በምን አቀማመጥ እንደሚገኙና የኬቶኤስተሩ የትኛው ፊት ወደ ብረቱ እንደሚዞር ለይተው፣ የትኛው አቀማመጥ ስንት ጊዜ እንደሚታይ ቆጠሩ።